ባዜቃ ያገኘንበት ምንጭ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፣ ዳቦ አስቆረሱኝ፣ ከዚያም ተራ በተራ እየተነሱ ሳልሞት አወደሱኝ። አንዱ ትዕግሥቴን አነሳ፤ ትዕግሥት ኖሮኝ አያውቅም። ሌላዋ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ እንደማላውቅ ስትመሰክር ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ሳል እንደያዘው ሰው አፋቸውን ሸፈኑ። ስለ መሣሪያው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ ይልቅ መለየት የከበደኝ ከእሱ ነበር። እነሱ የዘለሉትን እንግዲህ እኔ ልጻፈው።

የተወለድኩት ዲላ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፍቶ ነበር። እኔም ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ጌዴኦኛውን ከደንበኛ፣ ኦሮምኛውን ከተሸካሚ፣ ጉራጊኛውን ከጎረቤት ነጋዴ እየለቀምኩ አደግኩ። በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቄ የመጀመሪያ ምድቤ ገደብ የምትባል ከተማ ሆነች። እዚያ በአንዲት ማይክሮስኮፕ ሰገራና ደም ስመረምር ኖርኩ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ጉድለታቸው ማይክሮስኮፑን ቆልፈው ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ሰርግ መሄዳቸው ብቻ ነው። ቀጥሎ ዲላ አጠገብ ወዳለችው ጪጩ ተዛወርኩ፤ ለቤት በመቅረቤ እናቴ እልል አለች። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ወር ሳይሞላ ስለሚያልቅ ብዙ የሚወራለትም አልነበረም።

በመጨረሻ ዲላ ላይ ውሃና አፈር የሚመረምር ላቦራቶሪ ሲደራጅ ተወዳድሬ ገባሁ። ጋሽ ደምሴን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የመሣሪያው ኃላፊ እሳቸው ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ወለሉን ላለማስቀየም የሚጠነቀቁ የሚመስሉ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ሰላም ልላቸው እጄን ስዘረጋ የእጃቸውን አንጓ ሰጡኝ። ሰው አንጓውን የሚሰጠው እጁ ሲረጥብ ወይም ሲቆሽሽ ነው፤ የእሳቸው እጅ ግን ደረቅና ንጹሕ ነበር። «ኩሩ ናቸው» ብዬ ቂም ያዝኩባቸው። ኋላ እንደገባኝ መሣሪያው በሚሠራበት ቀን የማንንም መዳፍ አይነኩም። ቅባቱን፣ ሽቶውን፣ የብር ኖቱን፣ ሁሉንም ይፈራሉ። የዞኑ ባለሥልጣን ሊጎበኙን የመጡ ዕለትም የሰጧቸው አንጓቸውን ነው። አለቃችን በሐፍረት ሊሞት ደርሶ ነበር።

መሣሪያው የአቶሚክ ፍሎረሰንስ ስፔክትሮሜትር ይባላል። ስሙ ቢከብድም ሥራው ለገባው ሰው ደስ ይላል። ለምሳሌ በውሃ ውስጥ ሜርኩሪ መኖር አለመኖሩን ልናውቅ ፈለግን እንበል፤ አባቶች ባዜቃ የሚሉት፣ ቴርሞሜትር ሲሰበር ወለል ላይ የሚንከባለለው ማለት ነው። በውሃው ላይ አንድ ኬሚካል ስንጨምርበት የተሟሟው ባዜቃ ወደ ተን ይለወጣል። አርገን የሚባል ጋዝ ተኑን እየገፋ መብራት ፊት ያደርሰዋል። ባዜቃው የመብራቱን ብርሃን ይውጥና መልሶ በየአቅጣጫው ይተፋዋል። የሚለካው የመሣሪያው ዓይን የተቀመጠው በጎን ስለሆነ መብራቱን አያየውም፤ የሚያየው ባዜቃው የተፋውን ብቻ ነው። ብዙ ካለ ብዙ ያበራል፣ ጥቂት ካለ ጥቂት፣ ከሌለ ጨለማ ነው። ጨለማ ውስጥ የተጫረች ክብሪት ከሩቅ እንደምትታይ ሁሉ እጅግ ጥቂቱም አያመልጠውም።

ጋሽ ደምሴ መጀመሪያ ያስለኩኝ ባዶ ውሃ ነበር። ዛሬም ባዶ፣ ነገም ባዶ። ትዕግሥት እንደሌለኝ ነግሬአችኋለሁ።

«ጋሼ፣ ምንም የሌለበትን ውሃ እስከ መቼ ነው የምለካው?» አልኳቸው።

«ምንም እንደሌለበት በምን አወቅሽ?»

እሳቸው «ባዶውን ያላወቀ ሙሉውን አያውቅም» እያሉ አንድ ዓይነት ውሃ ከአንድ ዓይነት ብልቃጥ ቀድቼ አንድ ዓይነት ውጤት እስካገኝ አልለቀቁኝም። ብልቃጡን አሲድ ውስጥ ማሳደር፣ ማለቅለቅ፣ ደፍቶ ማድረቅ፣ ውስጡን በጣት አለመንካት፤ ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ በቁጣ ሳይሆን አጠገቤ ቆመው አብረው በመሥራት ነው። ፓምፑ ሲዞር ጆሮአቸውን ወደ ቱቦው አስጠግተው ያዳምጡ ነበር። ቱቦ ከመሰንጠቁ በፊት ድምፁ ይለወጣል ይላሉ። ሳቅኩባቸው፤ ከዚያ እኔም መስማት ጀመርኩ። ብዙ ባዜቃ ያለበት ናሙና ካለፈ በኋላ ደግሞ ቱቦውን ደጋግመው ያጥቡታል። «ባዜቃ ቂመኛ ነው፤ ተደብቆ ይቆይና የሚቀጥለውን ንጹሕ ውሃ ያስወቅሳል» ይሉ ነበር።

የባዜቃ መጠናቸውን የምናውቃቸው መለኪያ ውሃዎች ከትንሹ እስከ ትልቁ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር የተሰለፉልኝ ዕለት እልልታዬን አቀለጥኩት። አለቃችን ሰው የወለደ መስሎት ከቢሮው ወጣ። ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። መስመሩን አይተው አለቃችንን «ይገባታል» አሉት። እስከ ዛሬ ከተሰጠኝ የምስክር ወረቀት ሁሉ ይህቺን ቃል አስበልጣለሁ።

ብዙ ጉዳይ አይቻለሁ። አፈር፣ ዓሣ፣ የጉድጓድ ውሃ፣ አንድ ጊዜም አንድ ነጋዴ ሚስቱ መርዝ አብልታኛለች ብሎ ያመጣው ወጥ፤ ከጨው በቀር ጥፋት አልነበረበትም። ከሁሉ የማልረሳው ግን የምንጩን ጉዳይ ነው።

ከዱመርሶ ወዲያ፣ በእንሰትና በቡና የተሸፈነች አንዲት መንደር ምንጯ ተገንብቶ ቧንቧ ተዘርግቶላት ነበር። ከመመረቁ በፊት ውሃው ይመርመር ተባለ። ናሙናውን እንዲያመጣ የተላከው ሳሚ ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የተማረና እዚሁ የቀረ፣ ምላሱ የማያርፍ፣ ሥራ የሚወድ ልጅ። ሲመለስ በአንድ እጁ የናሙና ጠርሙሶቹን፣ በሌላው በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዞ ነበር። «ሰዎቹ እኮ ጨዋታ አይደሉም እትዬ፣ በፍቅር ገደሉኝ» አለኝ።

ውሃውን ለካሁት። መሣሪያው አበራ። ቱቦው ነው ብዬ አጠብኩና ደገምኩ፤ አበራ። ባዶውን ለካሁ፤ ጨለማ። የመንደሩን ውሃ መልሼ ለካሁ፤ አበራ። የተገኘው ባዜቃ ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው ልክ እጅግ ያለፈ ነበር።

ጋሽ ደምሴ በዚያ ሰሞን መለዋወጫ ሊያመጡ አዲስ አበባ ሄደው ነበር። አለቃችን ምንጩ ዛሬውኑ ይዘጋ አለ። እኔ ሌላ ናሙና ካልመጣ አልፈርምም ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሳሚ በማግስቱ ተመልሶ ሄደና ሌላ አመጣ። ያም አበራ። ከዚህ በላይ ምን ልል እችላለሁ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አለቃችን ግን ቸኩሎ አፈሰሰና የመልቀሙን ነገር ለእኛ ተወው። ቧንቧው ተቆለፈ፣ ቀይ ቀለም ተቀባ፣ ውጤቱን ለሕዝቡ እንድነግር የተላክሁት እኔ ሆንኩ።

ያ ቀን ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የከፋው ነበር። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው በተሰባበረ አማርኛ «ልጄ፣ እናቴ ይህን ጠጥታ ነው የወለደኝ። ማን ነው የመረዘው?» አሉኝ። ጎረምሶቹ መልሱን ራሳቸው አገኙት፤ ከላይ ያለው ቡና ማጠቢያ ነው አሉ። ዱላ ይዘው ሊወጡ ሲሉ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ተጋድመው አስቀሩአቸው። ሴቶቹ ከቁልቁለቱ ሥር ወዳለው ወንዝ ጀሪካን ተሸክመው ሲወርዱ እያየሁ ወደ ዲላ ተመለስኩ።

ጋሽ ደምሴ እንደ ተመለሱ ውጤቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ብዙ አዩ።

«ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጥፍ ነው። ምንጭ በአንድ ቀን እንዲህ አይዋዥቅም» አሉ። «ከሜዳ የመጣው ባዶስ የታለ?»

ከሜዳ የሚመጣ ባዶ ማለት ከላቦራቶሪ የተወሰደ ንጹሕ ውሃ ነው። እቦታው ድረስ ተወስዶ፣ እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ተገልብጦ፣ ከናሙናው ጋር ይመለሳል። መንገድ ላይ የገባ ነገር ካለ እሱ ያጋልጣል። ከእኛ ናሙናዎች ጋር ግን አልነበረም። በችኮላ ተዘሎ ነበር፣ ማናችንም አላነሳነውም።

«ውሃውን ማን ቀዳው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ሳሚ ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ ነኝ... ማለቴ ጋሼ፣ ልጅቷ ናት የቀዳችልኝ። ዝናሽ ትባላለች፣ የምንጩን ቁልፍ የምትይዘው። ጠርሙሱን ከእጄ ቀማችኝ። እንግዳ ቆሞ ውሃ ሲቀዳ ነውር ነው አለችኝ። ጓንቴን ስታይማ ሙድ ያዘችብኝ።»

«ሁለተኛውንም?»

«ሁለተኛውንም። ደግሞ አቧራ እንዳይኖረው ብላ አፉን በመዳፏ ጠረገችልኝ።»

ጋሽ ደምሴ አልተቆጡም። ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ።

ሦስታችን ሄድን። ዝናሽ ከሩቅ አይታን እየሮጠች መጣች። ሳቂታ ልጅ ናት፤ ሰርጓ ሊደርስ ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር፣ ምንጩ ተዘግቶ ድግሱ እንዴት እንደሚሆን ጨንቋት ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ፊቷ ላይ ተተከለ። ፊቷ ቀይ፣ አንገቷ ጠይም፤ ሁለት ሰው የተጋጠመ ይመስል ነበር። ጋሽ ደምሴ ለእኔ ጓንት አስጠልቀው ከምንጩ ዓይን ራሴ እንድቀዳ አደረጉ። ለእሷ ደግሞ ከላቦራቶሪ ያመጣነውን ንጹሕ ውሃ ሰጥተው «እስቲ ይህን እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጪልን» አሏት። ደስ ብሏት ገለበጠች፤ አፉንም በመዳፏ ጠረገች።

ዲላ ገብተን ለካን። እኔ ከምንጩ የቀዳሁት ጨለማ። ደገምኩት፤ ጨለማ። ዝናሽ የገለበጠችው የራሳችን ንጹሕ ውሃ ግን እንደ ፋኖስ በራ። መሣሪያው ከመጀመሪያውም አልዋሸም፤ ባዜቃው ጠርሙሱ ውስጥ ነበር፣ ምንጩ ውስጥ ግን አልነበረም። ሳሚ እስክስታ ወረደ። እኔም በዚያ ሁሉ ዕድሜዬ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ምንጩ ንጹሕ ነው! ጋሽ ደምሴ ግን መቀመጫቸውን ስበው ተቀመጡና «ልጅቷስ?» አሉ። ያን ጊዜ ትከሻዬ ቆመ።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ፤ የሴት ነገር በሴት ያምራል። ፊቷን ምን እንደምትቀባ ስጠይቃት እጓዳዋ ይዛኝ ገባችና ስም ያልተጻፈበት፣ ፊት የሚያቀላ ቅባት ቆርቆሮ ከትራሷ ሥር አወጣች። ጠዋትና ማታ ትቀባዋለች። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀምሯል፣ አፏ ውስጥ ብረት ብረት ይላታል፣ ራሷን ያማታል። የሰርግ ጭንቀት መስሏት ነበር፤ ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ባዜቃ ከዚህ ቅባት ሳይሆን እንደማይቀር ነገርኳት።

«ማን ሰጠሽ?» አልኳት።

ሦስት ጊዜ ጠየቅኳት፤ ሦስት ጊዜ መሬት መሬት አየች። በመጨረሻ እጄን ይዛ «እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ሰው አይወቅብኝ» አለች። «መንደሩ ሁሉ በኔ ምክንያት ወንዝ ወርዷል። የባሌ ወገን ከሰማ፣ ሰርጉ ቀረ፤ እኔም ቀረሁ።»

ከቅባቱ የጥፍር ጫፍ ታህል ወስጄ ደጋግሜ አቅጥኜ ለካሁት፤ እንደዚያም ሆኖ ለመሣሪያው በዛበት። ቀድሜ ልንገራችሁና አትጨነቁ፤ ዝናሽ ቅባቱን በዚያው ቀን ተወች፣ ሐኪም አያት፣ ሽንቷን በየጊዜው እየለካን ባዜቃው ሲወርድ አየን፣ እጇም መንቀጥቀጡን ተወ። የቀረን ጭንቅ ሌላ ነበር። ምንጩን ለማስከፈት ለምን እንደተሳሳትን መናገር አለብን፤ ከተናገርን ደግሞ የልጅቷ ኑሮ ይበላሻል።

«ስሟ አይነሳም» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ሌላ ሰው እንዲቀዳ የፈቀድን፣ ባዶውን ያልወሰድን እኛ ነን። ጥፋቱ የላቦራቶሪው ነው። ይህን መናገር ደግሞ ውሸት አይደለም።»

ጉዳዩ በሶንጎ ታየ፤ ሶንጎ ጌዴኦ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የሚፈርድበት ሸንጎ ነው። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ተቀመጡ፤ የሙሽራው ቤተሰብም መጥቶ ነበር። ሸንጎውን የሚመሩት ሽማግሌ፣ ሀይቻ ይሏቸዋል፣ ለጋሽ ደምሴ ዕድል ሰጡ። ጋሽ ደምሴ ቆመው ምንጩ ንጹሕ መሆኑን፣ ባዜቃው ጠርሙሱን ከነካ እጅ እንደመጣ፣ ጥፋቱም የላቦራቶሪው መሆኑን ተናገሩ።

አንድ ጎረምሳ ብድግ አለ። «ትናንት መርዝ ነው አላችሁ፣ ዛሬ ንጹሕ ነው ትላላችሁ። ነገስ? ቡና ማጠቢያው ስንት ሰጣችሁ?»

ጉምጉምታው ተነሳ። ሀይቻው በትራቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኙ። «እሱ የሚለው እውነት ከሆነ እሰየው ነው» አሉ። «ግን እዚህ ግማሽ እውነት አይነገርም። እጁ የማን ነው?»

ጋሽ ደምሴ አልመለሱም። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ዝምታችን በረዘመ ቁጥር ጎረምሶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ሐሰተኞች መሆናችን የተረጋገጠላቸው ይመስላል። ሌላ ጥቂት ብንቆይ ምንጩ እንደተዘጋ ይቀር ነበር፣ ማጠቢያውም ይቃጠል ነበር።

ዝናሽ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«እጁ የኔ ነው» አለች። «ለመቅላት ብዬ የተቀባሁት ነው። እነሱ ስሜን ደበቁልኝ። ውሃችን ምንም አልሆነም። ያስቸገርኳችሁ እኔ ነኝ።»

«ቅባቱንስ ማን ሰጠህ?» አሉ ሀይቻው። የአካባቢው ትልልቅ ሰዎች አማርኛ እንዲህ ነው፣ ወንድና ሴት አይለይም።

«እሱን አልናገርም፣ አባባ። ቅጡኝ።»

ከሴቶቹ መሀል አንዲት ወፍራም፣ ግርማ ያላቸው ሴት ተነሱ። የሙሽራው እናት ናቸው። ሳያቸው ነገር አበቃ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ቅባቱን የላከው እኔ ነኝ» አሉ። ዓይኔን ገለጥኩ። «ገበያ ላይ ለሙሽራ ነው ብለው ሸጡልኝ። ልጄ ቀይ ሙሽራ ቢያመጣ ሰው ያየኛል ብዬ ላክሁለት። እኔም እቀባለሁ፣ ይኸው ፊቴን እዩ። ይቺ ልጅ በሰው ፊት ሲዋረድ የኔን ስም አላወጣም። እንዲህ ያለ ልጅ ከየት አገኛለሁ? ሰርጉ ይቅር የሚል ካለ አሁን ይናገረኝ!»

ማን ይናገራል? አንዷ እልል አለች፣ ከዚያ የሴቶቹ ወገን በሙሉ። ሳሚ ጮክ ብሎ አጨበጨበ። እኔ አለቀስኩ፤ እንባዬን ለመደበቅም አልሞከርኩም፣ እንደዚያ ቀን የጠገብኩበት ደስታ የለም። ሀይቻው ቁልፉን ለዝናሽ አስመልሰው «ክፈት» አሏት። ሕዝቡ ተከትሏት ወደ ምንጩ ወጣ። የሙሽራው እናት ሳሙና ይዘው ወደ ቧንቧው ሲገሰግሱ ጋሽ ደምሴ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «እዚህ አይደለም! ራቅ ብላችሁ ወደ ታች!» ብለው ጮኹ፣ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሁለቱ ሴቶች ከቡናው ሥር ቁጢጥ አሉ። እናቲቱ የዝናሽን እጅ በሁለት መዳፋቸው ይዘው እስከ ክርናቸው አረፋ እስኪለብስ አሹት፣ አለቀለቁት፣ ጣት በጣት አገላብጠው አዩት፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁት። ከዚያ ጣሳውን ሰጧት።

«በል አሁን ቅዳልኝ፣ ልጄ» አሏት፤ ቀዳችላቸው፣ ጠጡ።